ከሳፋሪ በፊትና በኋላ በናይሮቢ አንድ አዳር፦ ቡቲክ ሆቴል ሲመርጡ

ለሳፋሪ፣ ማለትም ለዱር እንስሳት ጉብኝት፣ ወደ ኬንያዎቹ ማሳይ ማራ፣ አምቦሴሊና ሳምቡሩ የሚሄዱት ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚያርፉባቸው ሜዳዎች በአብዛኛው መብራት የሌላቸው የአፈርና የጠጠር ማኮብኮቢያዎች ናቸው። በቀን ብርሃን ብቻ የሚበሩትም ለዚህ ነው። አመሻሹ ላይ ናይሮቢ የገባ መንገደኛ የዕለቱ አውሮፕላን አምልጦታል፤ እዚያው ያድራል። በመልሱም እንዲሁ ነው። ከማራ የተነሳው አውሮፕላን እኩለ ቀን ገደማ ወይም አመሻሽ ላይ ናይሮቢ ያደርሰዋል፤ ወደ አገሩ የሚመልሰው በረራ ግን ብዙ ጊዜ እኩለ ሌሊት አካባቢ ወይም በማግስቱ ነው።

ሰው ይህችን አንድ ሌሊት የሚይዘው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ፎቶ አይቶ ነው። በፎቶው ላይ አትክልቱ፣ የእሳት ምድጃውና የመዋኛ ገንዳው ይታያል። ሆቴሉ ከየትኛው ኤርፖርት ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ወጥ ቤቱ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ትልቁን ሻንጣ ለአራት ቀን ያስቀምጥ እንደሆነ ግን ከፎቶ አይነበብም። ቡቲክ የሚባሉት የናይሮቢ ሆቴሎች፣ ማለትም ከአሥር እስከ ሃምሳ ክፍል ያላቸው፣ ብዙዎቹ ቀድሞ መኖሪያ ቤት የነበሩና እንግዳን በስሙ የሚያውቁት፣ የሚለያዩት በእነዚህ ነገሮች ነው።

መጀመሪያ ማግስቱን ይወቁ

ናይሮቢ ሁለት ኤርፖርት አላት፤ ብዙው ስህተት የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ከአዲስ አበባም ሆነ ከሌላ አገር የሚመጣ በረራ የሚያርፈው ከመሀል ከተማው ደቡብ ምሥራቅ፣ ኤምባካሲ ባለው በጆሞ ኬንያታ ነው። ሳፋሪሊንክና ኤርኬንያን የመሳሰሉት የሳፋሪ አየር መንገዶች የሚነሱት ደግሞ በላንጋታ መንገድ ላይ ካለው ከዊልሰን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ20 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። ይሁንና በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። «ኤርፖርት አጠገብ ነው» የሚል ሆቴል ሲያዩ የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው ኤርፖርት የሚለው ይሁን።

የመኪናው ጭንቅንቅ የሚበረታው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ዝናብ ከጣለ ወይም ቀኑ ዓርብ ከሆነ ይብሳል። በ2022 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተከፈተው 27 ኪሎ ሜትር የክፍያ መንገድ ከምሎሎንጎ ተነስቶ በጆሞ ኬንያታ በኩል እስከ ዌስትላንድስ ሰፈር ስለሚሄድ፣ በዚያ መስመር ላይ ያለ ሆቴል ከድሮው ይልቅ ለኤርፖርቱ ቀርቧል። መንገዱ በዊልሰን በኩልም ሆነ በደቡብ ምዕራብ ባለው በካረን ሰፈር አያልፍም። የታክሲ ሾፌር በክፍያው መንገድ ልሂድ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሒሳቡ የተሳፋሪው መሆኑን ይወቁ። በጭንቅንቁ ሰዓት ከሆነ እሺ ይበሉት።

እንግዲህ ሆቴሉ የሚመረጠው በሚወጡበት በር ነው። በማግስቱ ከዊልሰን የሚበር ሰው ካረን ወይም ላንጋታ ቢያድር ይሻለዋል። በመኪና ወደ ማራ፣ ወደ ናይቫሻ ወይም ወደ ናኩሩ የሚሄድም ከካረን ቢነሳ ይቀናዋል፤ የደቡቡ ማለፊያ መንገድ ከተማውን ሳያስነካ ወደ ኪኩዩ ያወጣዋል፣ ከዚያ በማይ ማሂዩ ቁልቁለት ወርዶ በናሮክ በኩል ይሄዳል። ማራ ድረስ 5 እስከ 6 ሰዓት ነው። ዌስትላንድስም ለዚህ መስመር ይሆናል። አምቦሴሊ ወይም ፃቮ የሚሄድ መውጫው የሞምባሳ መንገድ ስለሆነ በዚያ በኩል ማደር አለበት። በባቡር ወደ ቮይ ወይም ወደ ሞምባሳ የሚሄድም እንዲሁ ነው፤ ጣቢያው ሲዮኪማው፣ ከኤርፖርቱ ብዙም አይርቅም። ለሳምቡሩ፣ ለላይኪፒያና ለኬንያ ተራራ መውጫው የቲካ መንገድ ነው፤ ለእነዚህ በሰሜን በኩል ያሉት ሙታይጋና ጊጊሪ የተባሉት ሰፈሮች ይመቻሉ። የአስጎብኚ ድርጅቱ ሾፌር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሊወስድዎ ከመጣ፣ በተሳሳተው ጫፍ ያለ ሆቴል የሚበላው ከመጀመሪያው ቀን የዱር እንስሳት ጉብኝት ላይ ነው።

ካረንና ላንጋታ

ብዙዎቹ ቡቲክ ሆቴሎች ያሉት እዚህ ነው። ምክንያቱ የመሬቱ ታሪክ ነው። አካባቢው በቅኝ ግዛት ዘመን የቡና እርሻ ነበር። ዴንማርካዊቷ ካረን ብሊክሰን ከ1917 እስከ 1931 የኖረችበት ቤት ዛሬም በንጎንግ ተራሮች ግርጌ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። እርሻው ሲሸነሸን የተተከሉት መኖሪያ ቤቶች ሰፊ ግቢና ትልልቅ ዛፍ ይዘው ቀሩ፤ ጥቂቶቹ በኋላ ወደ ሆቴል ተለወጡ። ሃውስ ኦፍ ዌይን 11 ክፍሎች ብቻ አሉት። ሄሚንግዌይስ 45 ክፍሎች ያሉት፣ ፊቱን ወደ ንጎንግ ተራሮች የመለሰ ሆቴል ነው፤ ከቤትነት ይልቅ የትልቅ ሆቴል አገልግሎት ይበዛበታል። ሁለቱም ቡቲክ ቢባሉም የተለያየ ሰው የሚፈልጋቸው ናቸው። ማታ 4 ሰዓት ደርሶ ትኩስ ራት የሚፈልግ ሰው ባለ 45 ክፍሉ ያዋጣዋል። በጸጥታ ማረፍ፣ በግቢው መንሸራሸር የፈለገ ባለ 11 ክፍሉን ይመርጣል። ክፍል ባነሰ ቁጥር የሌሊት ሠራተኛውም፣ የወጥ ቤቱ ሰዓትም ያንሳል። ይህ ጉድለት ሳይሆን የቤቱ ጠባይ ነው፤ ቀድሞ ማወቅ ብቻ ይጠይቃል።

ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ካረን ደግሞ ከመሀሉ ከተማ ትንሽ ከፍ ይላል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ይህ ብርቁ አይደለም፤ ከዱባይ ወይም ከሪያድ ለመጣ ግን ሹራብ የግድ ነው። በእነዚህ ወራት ክፍሉ ማሞቂያ ወይም የሚነድ ምድጃ እንዳለው፣ ምድጃውን ማን እንደሚያነደውና ክፍያ እንዳለው ይጠይቁ። የሙቅ ውኃም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ብዙ ትንንሽ ሆቴሎች ውኃ የሚያሞቁት በፀሐይ ነው። ደመና ያለበት ቀን ከዋለ በማግስቱ ንጋት ላይ የሚወርደው ውኃ ለብ ያለ ነው። የኤሌክትሪክ ቦይለር በተጨማሪ ካለ ችግር የለም።

ላንጋታ ውስጥ ዝነኛው ጂራፍ ማነር ነው፤ በ1932 የተሠራ፣ 12 ክፍሎች ያሉት የድንጋይ ቤት። ቀጭኔዎቹ ቁርስ ሰዓት ላይ አንገታቸውን በመስኮት አስገብተው ከገበታ ይመገባሉ፤ ከሰዓት በኋላም ለሻይ ሰዓት ይመለሳሉ። ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቀድሞ ይያዛል፤ ዋጋውም ከአካባቢው ከፍተኛ ከሚባሉት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በሰዓት ስህተት ነው። ማታ 3 ሰዓት ገብቶ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ወደ ዊልሰን የሚወጣ እንግዳ የከሰዓቱን ሻይም ሆነ የጠዋቱን ቁርስ አያገኝም። ቤቱን መያዝ የሚያዋጣው ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት መድረስ ለሚችል፣ በማግስቱም ከረፋዱ በፊት ለማይቸኩል ሰው ነው። ሰዓቱ ካልፈቀደ አጠገቡ ያለው የቀጭኔ ማዕከል ለማንም ክፍት ነው፤ መግቢያ ከፍለው እዚያው የሚኖሩትን ቀጭኔዎች በእጅዎ ይመግባሉ፣ የሚያድሩትም በጎረቤት ባለ ሌላ ሆቴል ይሆናል። ልጆች ለያዘ ቤተሰብ የምንመክረው ይኸኛውን ነው።

የላንጋታ አንድ ድካም የዊልሰን አውሮፕላኖች ድምፅ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይሰማል። ሌሊቱን ግን ጸጥ ይላል፤ ቀድሞም ለመነሳት ያሰበ ሰው አይረበሽም።

የፓርኩ ጠርዝ

የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በ1946 የተቋቋመ፣ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከከተማው ጋር አጥር የሚጋራ ፓርክ ነው። አንበሳ፣ ጎሽ፣ ቀጭኔ፣ ጥቁርም ነጭም አውራሪስ አለበት፤ በዱር የሚኖር ዝሆን የለበትም። በደቡብ በኩል በምባጋቲ ወንዝ ዳር እንደ ኤማኮኮ (10 ክፍሎች) እና ኦሎሎ ያሉ ሎጆች አሉ። ከከተማው አዳር ሁሉ ለሳፋሪ የሚቀርበው ይህ ነው። በቀን ከደረሱ መኪናው በፓርኩ ውስጥ አቋርጦ ይወስድዎታል፤ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል የሚደረገው ጉዞ ራሱ ጉብኝት ይሆናል። አንድ ቀን ብቻ ለቀረው፣ ማራ መድረስ ለማይችል መንገደኛ ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም።

ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። ፓርኩ የሚከፈተው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የደረሰ ሰው በኦንጋታ ሮንጋይ በኩል በሚዞረው መንገድ ይሄዳል። ሮንጋይ ደግሞ በምሽት በመኪና የሚታነቅ ሰፈር ነው፤ የመጨረሻው ክፍልም አስቸጋሪ የአፈር መንገድ ነው፣ በዝናብ ወቅት ይጨቀያል። ስለዚህ አውሮፕላንዎ ከ10 ሰዓት በኋላ የሚያርፍ ከሆነ ይህን ሆቴል ለመልሱ ያቆዩት። ሁለተኛው የመግቢያ ክፍያ ነው። ለማለፍ ብቻም ቢሆን ፓርኩ ውስጥ የገባ ሰው ይከፍላል፤ ክፍያው ከሆቴሉ ዋጋ ውጭ መሆኑንና አለመሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጡ። በበሩ ላይ ጥሬ ገንዘብ ስለማይቀበሉ አስቀድሞ ኢሲትዝን በተባለው የኬንያ መንግሥት ድረ ገጽ ይከፈላል። የኢንተርኔት መስመር በበሩ ላይ ሊደክም ይችላልና ሆቴሉ ውስጥ ሆነው ከፍለው ደረሰኙን ይያዙ።

የቀሩት ሰፈሮች

ዌስትላንድስና ኪሊማኒ ምግብ ቤት፣ ሱቅና የገንዘብ ምንዛሪ በእግር የሚገኝባቸው ናቸው። በሁለቱም የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አሉ። ከሳፋሪ በፊት የጎደለ ነገር ለመግዛት ይመቻሉ። ዌስትላንድስ ውስጥ ከዓርብ እስከ እሑድ ሌሊት የጭፈራ ቤቶች ሙዚቃ እስከ ንጋት ይዘልቃል። ከመንገድ የራቀና ወደ ጓሮ የዞረ ክፍል ይጠይቁ። ጊጊሪ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤትና የኤምባሲዎች ሰፈር ስለሆነ ጥበቃው ጠንካራ ነው፤ ትራይብ ሆቴል ቪሌጅ ማርኬት ከተባለው የገበያ ማዕከል ጋር ተያይዞ ያለ ነው፣ ራሱን ቡቲክ ቢልም ከመቶ በላይ ክፍል አለው። ከዚያ ተነስቶ ጠዋት ዊልሰን መድረስ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ማለት ነው።

በኤርፖርቱ ቅጥር አካባቢና በሞምባሳ መንገድ ያሉት ቡቲክ አይደሉም። ትልልቅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሆኑ፣ ማንንም የማያስታውሱ ሆቴሎች ናቸው። ግን ቦታ አላቸው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ላረፈ፣ ንጋት ላይ ለሚበር ሰው እነዚህ ከማንኛውም ውብ ግቢ ይሻሉታል።

በፊት ወይስ በኋላ?

ገንዘቡ ለአንድ ጥሩ ሌሊት ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ምክራችን ግልጽ ነው፦ ጥሩውን ሆቴል ለመልሱ ያቆዩት። ከሳፋሪ በፊት ያለው ሌሊት የእንቅልፍ ሌሊት ነው። መንገደኛው ደክሞ ይደርሳል፣ በጨለማ ይገባል፣ በጨለማ ይወጣል። የሚያስፈልገው ንጹሕ አልጋ፣ ሙቅ ውኃ፣ የማይዘገይ ሾፌርና ማልዶ የሚሰጥ ቁርስ ነው። ይህን ቀለል ያለ ማደሪያም ያሟላል። ከሳፋሪ በኋላ ግን ሁሉም ይለወጣል። አቧራው በጸጉርና በጫማ ገብቷል፣ ልብሱ መታጠብ ይፈልጋል፣ ስድስት ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት የተነሳ ሰውነት ማረፍ ይሻል፣ እስከ እኩለ ሌሊቱ በረራ ድረስም ረጅም ቀን አለ። ግቢ፣ ገንዳ፣ ጥላና ሶፋ ዋጋ የሚያወጡት ያኔ ነው።

ያኔ የሚጠቅመው ሌላው ነገር የቀን ክፍል ነው። ሆቴሎች እንግዳ የሚያስገቡት ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ፣ የሚያስወጡት ጠዋት 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ነው። ከማራ በቀኑ መሀል ለተመለሰና ሌሊት ለሚበር ሰው አዳር ሳይሆን ጥቂት ሰዓት ነው የሚያስፈልገው። ብዙ ሆቴሎች ለዚህ ከአዳሩ ያነሰ ዋጋ አላቸው፤ ካልጠየቁ ግን አይነግሩም። የቀን ክፍሉ እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቁ። ምሽቱ 12 ሰዓት ላይ የሚያበቃ ከሆነና በረራዎ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሆነ፣ ክፍሉን ከለቀቁ በኋላ በሳሎኑ ተቀምጠው ራት መብላት፣ ከመውጣትዎ በፊትም ፊት መታጠብ ይችሉ እንደሆነ ያጣሩ። ይህንን በደስታ የሚፈቅድ ትንሽ ሆቴል ብዙ ነው።

በተቃራኒው ንጋት 10 ሰዓት ላይ የሚያርፍ መንገደኛ ያንን ቀን ብቻ ይዞ ከመጣ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት በሳሎን ይቀመጣል። ክፍሉ ሲደርሱ እንዲከፈት ከፈለጉ ያለፈውን ሌሊት መያዝና «ንጋት ላይ እንደርሳለን» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ሳይጽፉ ከቀሩ እንግዳው ሳይመጣ ቀረ ብለው ክፍሉን ሊሰርዙት ይችላሉ።

ሰዓት ሲጻጻፉ

ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛው ከንጋት ተነስቶ ነው። «ሳ ሞጃ አሱቡሂ» ማለት ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። ሆቴሉና አየር መንገዱ በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አንድ ሾፌር በስዋሂሊ ሲያናግርዎ ከአማርኛው ጋር ይገጥማል፤ በእንግሊዝኛ ሲያናግርዎ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይኖራል። ለማንም ሲጽፉ 07:00 ወይም 19:00 ብለው በአራት አኃዝ ይጻፉ። የአዲስ አበባና የናይሮቢ ሰዓት ራሱ አንድ ነው፤ ልዩነት የለውም።

የማግስቱን ጠዋት ወደ ኋላ እየቆጠሩ ያስቡት። በረራው ጠዋት 2 ሰዓት (08:00) ከሆነ ዊልሰን 1 ሰዓት ላይ መገኘት ጥሩ ነው። ከካረን 12 ሰዓት ከሩብ፣ ከጊጊሪ ደግሞ 11 ሰዓት ከ45 ላይ መውጣት አለብዎ። ስለዚህ ከካረን እንኳ ቁርሱ ከ12 ሰዓት በፊት መድረስ ይኖርበታል። የአብዛኞቹ ትንንሽ ሆቴሎች ወጥ ቤት በዚህ ሰዓት ገና አልተከፈተም። በካርቶን ታሽጎ የሚሰጥ ቁርስ ካለ ማታውኑ ይዘዙ። ከሪሴፕሽን ለሌሊቱ ተረኛ መተላለፉን ራሱ ሠራተኛው እንዲጽፈው ያድርጉ፤ ትዕዛዝ የሚጠፋው በተረኞች ቅያሬ ላይ ነው።

ሻንጣ

በዊልሰን አውሮፕላኖች የሚፈቀደው ጓዝ በአብዛኛው የእጅ ቦርሳን ጨምሮ 15 ኪሎ ነው፤ ቦርሳውም ለስላሳ መሆን አለበት። ሴስና ካራቫን የተባለው አውሮፕላን ዕቃ የሚጭነው ከሆዱ ሥር ባለ ጠባብ ክፍል ነው፤ ደረቅ ባለጎማ ሻንጣ እዚያ አይታጠፍም። ከዋሽንግተን ሁለት ሻንጣ ጭኖ የመጣ ሰው አንዱን የት ሊተወው ነው? መልሱ ሆቴሉ ነው። ለዚህም ነው በፊትና በኋላ በአንድ ሆቴል ማደር ብዙ የሚያቃልለው። ሁለት የተለያዩ ሆቴሎች ከያዙ፣ የመጀመሪያው ሻንጣውን ወደ ሁለተኛው ወይም ወደ ኤርፖርት ያደርስ እንደሆነና በስንት እንደሚያደርስ ይጠይቁ። ሲያስረክቡ በቁጥር የተመዘገበ ደረሰኝ ይቀበሉ፣ ሻንጣውን ይቆልፉ፣ ፓስፖርትና ጌጥ አይተዉበት።

ልብስ እጥበት ከሻንጣ ጋር የተያያዘ ነው። 15 ኪሎ ማለት ጥቂት ልብስ ማለት ነው። ብዙ የሳፋሪ ካምፖች ልብስ ቢያጥቡም የውስጥ ልብስ አይቀበሉም፤ ስለዚህ ናይሮቢ ሲመለሱ ክምሩ ይጠብቅዎታል። ሆቴሉ በዚያው ቀን አጥቦ ይመልስ እንደሆነ፣ እሑድስ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቁ። በፀሐይ ብቻ የሚያደርቅ ቤት በሐምሌ ብርድ እርጥብ ልብስ ሊያስረክብዎ ይችላል። ማድረቂያ ማሽን መኖሩን ማረጋገጥ አንድ መስመር መልእክት ነው።

የዋጋው ሒሳብ

ኬንያ ውስጥ በሆቴል ሒሳብ ላይ 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 2 በመቶ የቱሪዝም ቀረጥ፣ በብዙ ቤቶች ደግሞ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይታሰባል። አንዱ ሆቴል እነዚህን ጨምሮ ይጽፋል፣ ሌላው ሳይጨምር። «200 ዶላር» ያለው ቤት ሦስቱን ጨምሮ 256 ዶላር ከጠየቀ፣ «240 ሁሉን ጨምሮ» ካለው ይወደዳል። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በክፍል የሚለውም ወሳኝ ነው፤ የሳፋሪ ሎጆች ልማድ በሰው መቁጠር ስለሆነ በፓርኩ ጠርዝና በካረን ያሉት አንዳንዶቹ እንዲሁ ያደርጋሉ። ከዚያ የምግቡን ይዩ። ማታ 3 ሰዓት ለሚደርስ ሰው ራትን ያካተተ ዋጋ መክፈል ከንቱ ነው፤ አልጋና ቁርስ ይበቃዋል። በካረን ግን በሌሊት በእግር የሚደረስበት ምግብ ቤት ስለማይገኝ፣ በጊዜ ለሚደርስ ራት ያለበት ዋጋ ይሻላል። የኤርፖርት ማመላለሻውን ከታክሲ ዋጋ ጋር ያወዳድሩ፤ ሆቴሉ ቢወደድም በረራው ሲዘገይ የሚጠብቅ ሾፌር የሚያገኙበት ነውና ለመጀመሪያው ሌሊት እንዲከፍሉ እንመክራለን። የበረራ ቁጥሩን ይስጧቸው።

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የአውሬዎቹ ፍልሰት ማራ ላይ ስለሚሆን፣ የገናና የፈረንጅ አዲስ ዓመት ሳምንታትም ስለሚጣበቡ ትንንሾቹ ሆቴሎች ቀድመው ይሞላሉ። በሚያዝያና በግንቦት ትልቁ ዝናብ ሲወርድ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ጥቂቶቹ ለጥገና ይዘጋሉም። ስለ መሰረዝ ያለውን አንቀጽ ያንብቡ። አሥር ክፍል ያለው ቤት አንድ ክፍል ባዶ ሲቀርበት አንድ አሥረኛ ገቢውን ያጣል፤ ስለዚህ ከትልልቆቹ ይልቅ የመሰረዣ ደንቡ የጠበቀ ነው።

ለጾም፣ ለልጆች፣ ለወላጆች

ረቡዕና ዓርብ ወይም በጾም ወራት የሚጓዝ ሰው ለሆቴሉ «ቬጂቴሪያን» ብሎ ቢጽፍ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ያለበት ምግብ ይቀርብለታል። የሚሠራው ቃል «ቬጋን» ነው። በዌስትላንድስና በፓርክላንድስ የሕንድ ምግብ ሞልቷል፤ ሥጋ የሌለበትም ቢሆን ንጥር ቅቤ ሊገባበት ስለሚችል መጠየቅ ያስፈልጋል። ከአገሩ ምግብ ኡጋሊ ከሱኩማ ዊኪ ጋር፣ ማለትም ጠንከር ያለ የበቆሎ ገንፎ ከጎመን ጋር፣ እንዲሁም ጊዜሪ የሚሉት የበቆሎና የአደንጓሬ ቅቅል ለጾመኛ ይስማማሉ። ትንሽ ሆቴል ከአንድ ቀን በፊት ከነገሩት ይህን በደስታ ይሠራል።

ገሚሱ ቤተሰብ ከአሜሪካ፣ ገሚሱ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ናይሮቢ ላይ ሲገናኝ የወረቀቱ ነገር ይለያያል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ኬንያ ቪዛ አትጠይቅም። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት የያዘ ግን ከመነሳቱ በፊት ኢቲኤ የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ማመልከቻው የማደሪያ ማረጋገጫ ስለሚጠይቅ የሆቴሉ ደብዳቤ ላይ የእያንዳንዱ ሰው ስም በፓስፖርቱ እንዳለው መጻፍ አለበት። «የአቶ እገሌ ቤተሰብ፣ 5 ሰው» የሚል ማረጋገጫ ለማመልከቻው አይረዳም።

ወላጆችን ይዞ ለሚሄድ ደረጃ የሌለው ክፍል ያስፈልጋል። የካረን ቤቶች ያረጁ ስለሆኑ ብዙዎቹ ሊፍት የላቸውም፤ አንዳንድ ክፍሎችም ከዋናው ቤት በድንጋይ መንገድ የራቁ ናቸው። ምድር ቤት፣ ለምግብ አዳራሹ ቅርብ የሆነ ክፍል ብለው ይጻፉ። ልጆች ካሉ የመዋኛ ገንዳው አጥር እንዳለው፣ ሆቴሉም የእድሜ ገደብ እንደማይጥል ያጣሩ።

በመጨረሻው ማታ

ከካረን ወደ ጆሞ ኬንያታ የሚወስደው የደቡቡ ማለፊያ መንገድ ምሽት ላይም ቢሆን በሞምባሳ መንገድ መጋጠሚያ ይጠብባል። ከኤርፖርቱ በፊት ባለው የፍተሻ ኬላ ተሳፋሪዎች ከመኪና ወርደው በእግር ያልፋሉ፣ ሾፌሩ መኪናውን ለብቻው ያስፈትሻል፤ በተርሚናሉ በር ላይ ደግሞ ሻንጣ በማሽን ያልፋል። ከበረራው 3 ሰዓት ቀድሞ ኤርፖርት ለመድረስ ከካረን ቢያንስ 4 ሰዓት ከሩብ ቀድመው ይውጡ፤ ዓርብ ከሆነ 5 ሰዓት። ለሌሊቱ 6 ሰዓት በረራ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ከ45 ባለው ጊዜ መነሳት ማለት ነው፤ የሆቴሉን ራት በዚሁ ልክ ከ12 ሰዓት ጀምሮ እንዲያቀርቡልዎ አስቀድመው ይንገሩ።

ገና ከአገርዎ ሲነሱም ሆነ ሻንጣ ሲያዘጋጁ ፌስታል ይተዉ። ኬንያ የፕላስቲክ ከረጢትን በፈረንጅ አቆጣጠር ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ከልክላለች፤ ከቦሌ የገዙት ዕቃም በፌስታል ከሆነ ከመውረድዎ በፊት ወደ ጨርቅ ቦርሳ ያዛውሩት። ከሰኔ 2020 ጀምሮ ደግሞ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት የፕላስቲክ ጠርሙስ በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ አይፈቀድም። ስለዚህ የብረት ኮዳ ይያዙና በሆቴሉ የተጣራ ውኃ ሞልተው ይውጡ። የሶኬቱ ዓይነት ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው የእንግሊዝ ሶኬት ነው፤ ክብ ጥርስ ላለው ቻርጀር መቀየሪያ ያስፈልጋል። ትንንሾቹ ሆቴሎች ሪሴፕሽን ላይ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ስለሚኖራቸው የራስዎን ይያዙ።